ስድሳ ሴንቲሜትሩ የት ገባ? በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ የተሞከረ የአልትራሳውንድ ድርድር የጉዳይ ጥናት

ጀልባውን የሚገፉት ሽማግሌ አጣናቸውን ወደ ውኃው ሰደዱት፤ ጫፉ የሆነ ነገር ላይ እስኪያርፍ ጠበቁና ምስማር የተመታበትን ምልክት በአውራ ጣታቸው ይዘው አወጡት። «ሦስት ሜትር ከሰባ» አሉ። ጉልበቴ ላይ ያስቀመጥሁት፣ ጥልቀትን በድምፅ የሚለካው ሳጥን ግን ሦስት ሜትር ከአሥር ይላል። ደግመን ለካን፤ ያው ነው። ሽማግሌው ሳጥኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ «ልጄ፣ የእናንተ ዕቃ መሬት ሳይደርስ ነው እንዴ የሚመለሰው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ድምፅ እኮ ነው፤ የሚመልሰው ነገር ሲያገኝ ይመለሳል» አልኋቸው። መልሴ ስህተት አልነበረበትም፤ ድምፁን ምን እንደመለሰው ግን አላውቅም ነበር። ያችን ስድሳ ሴንቲሜትር ፈልጎ ለማግኘት ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብን።

አባ ሳሙኤል ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ አቃቂን አልፎ የሚገኝ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ እዚያ ይገናኙና ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠራው የአገሪቱ የመጀመሪያ የውኃ ኃይል ማመንጫ ውኃውን የሚያገኘው ከዚሁ ግድብ ነበር። 6.6 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለረጅም ዘመን ዝም ካለ በኋላ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገና ሥራ ጀምሯል። ሐይቁ ግን ከተማዋ የምታወርድለትን ሁሉ ሲቀበል የኖረ ነው፤ ከታች ደለል፣ ከላይ እንቦጭ ይዞታል።

ጥያቄው

ጓደኛዬ የውኃ መሐንዲስ ነው። ማወቅ የፈለገው ቀላል የሚመስል ነገር ነበር፤ ሐይቁ አሁን ስንት ውኃ ይይዛል፣ ስንቱን ቦታስ ደለል ወሰደው? ቀደም ሲል ዓሣ አጥማጆች በሚጠቀሙበት ተራ የጥልቀት መለኪያ ሞክሮ ነበር። ያ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ከሥሩ ያለችውን አንዲት ነጥብ ብቻ ስለሚለካ፣ ሐይቁን ለማዳረስ በእንቦጩ መካከል መስመር እያወጡ ቀኑን ሙሉ መቅዘፍ ይጠይቃል። «አንድ ጊዜ ጮኾ ግራ ቀኙን የሚያይ ነገር ሥራልኝ» አለኝ።

ለዚህ የሚያስፈልገው ድርድር ነው፤ ጎን ለጎን የተሰለፉ ብዙ ትንንሽ ምንጮች። እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ጥቂት ዘግይቶ እንዲጮኽ ከተደረገ የድምፁ ጨረር ያለ ምንም ተንቀሳቃሽ አካል ወደ ጎን ይዞራል። እንዲህ ያለውን ከሴራሚክ መሥራት ይቻላል፤ ግን እያንዳንዱን ቁራጭ በመጋዝ መክፈልና በየአንዳንዱ ላይ ሽቦ መበየድ አለ፤ ከዚያም የሴራሚኩ ጠባይ አለ። የፒዞ ሴራሚክ (ኤሌክትሪክን ወደ ንዝረት የሚለውጥ ሴራሚክ) አኩስቲክ ኢምፔዳንስ፣ ማለትም ለድምፅ የሚያሳየው እምቢታ፣ 33 ሜጋሬይል አካባቢ ነው፤ የውኃው 1.5 ገደማ። በመካከላቸው አዛማጅ ንጣፍ ካልገባ ከድምፁ ጉልበት ወደ ውኃው የሚሻገረው አንድ ስድስተኛው ብቻ ነው፤ ቀሪው ወደመጣበት ይመለሳል። በሲሊከን ላይ የተቀረጸ ስስ ከበሮ ግን ከውኃው ጋር አይጣላም። ቀላል ስለሆነ ውኃው ሲሄድ ይሄዳል፣ ሲመጣ ይመጣል። በመቶ የሚቆጠሩ ከበሮዎችም በአንድ ቺፕ ላይ፣ በአንድ ጊዜ፣ ያለ መጋዝ ይወጣሉ።

ከእነዚህ ከበሮዎች ሁለት ዓይነት አለ። በካፓሲቲቩ ዓይነት፣ የሲሊከን ቆዳ ከሥሩ ካለው ኤሌክትሮድ በጠባብ ክፍተት ተለይቶ ይወጠራል፤ ቮልቴጅ ይስበዋል፣ ሲለቀቅ ይርገበገባል። እ.ኤ.አ. በ1994 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይፋ የሆነው ሥራ ይኸው ነው፤ ያኔ የታሰበው ለአየር ነበር፣ ዛሬ ሐኪም ኪሱ ውስጥ ይዞት በሚዞር አልትራሳውንድ ውስጥም አለ። ፒዞኤሌክትሪኩ ደግሞ በቆዳው ላይ የአሉሚኒየም ናይትራይድ ወይም የሌላ ፒዞ ቁስ ስስ ንጣፍ ይነጠፍበታል፤ ንጣፉ ሲኮማተርና ሲለጠጥ ቆዳው ይጎብጣል።

ልቤ የነበረው ካፓሲቲቩ ላይ ነው። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የግፊት ስሌት ነው። 10 ማይክሮሜትር ውፍረትና 250 ማይክሮሜትር ሬድየስ ያለው የሲሊከን ቆዳ፣ ከሥሩ ያለው ክፍተት አየር አልባ ሆኖ ከታሸገ፣ በባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት ብቻውን መሐሉን 0.43 ማይክሮሜትር ያጎብጠዋል። እኛ ባለንበት ከፍታ ግፊቱ ወደ 78 ኪሎፓስካል ስለሚወርድ ጉብጠቱ 0.33 ይሆናል። አሥር ሜትር ውኃ ውስጥ ሲጠልቅ ደግሞ 0.74 ይደርሳል። ክፍተቱ ራሱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሰ በሆነበት ዕቃ ይህ ተራ ልዩነት አይደለም። ሌላ አገር ተስተካክሎ የመጣ ቺፕ እኛ ዘንድ ሲደርስ ጠባዩ ይለወጣል፤ ሐይቅ ሲገባ እንደገና ይለወጣል። በዚያ ላይ እስከ መቶ ቮልት ሊደርስ የሚችል ቋሚ ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ የረጠበ ጀልባ ላይ ተቀምጬ ጭኔ ላይ መቶ ቮልት ማቀፍ አላማረኝም። ፒዞው ቋሚ ቮልቴጅም፣ የሚዘጋ ጠባብ ክፍተትም የለበትም። ከጀርባው ያለው ጉድጓድ የሚታሸገው በእኛው አየር ስለሆነ የሚሸከመው የውኃውን ግፊት ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቺፕ

ቺፑን እዚህ ማምረት አይቻልም፤ የሚቻለው መንደፍ ነው። ብዙ ነዳፊዎች አንድ የሲሊከን ዌፈር (ቺፖች የሚቀረጹበት ስስ ክብ ዝርግ) ተካፍለው የሚያሠሩበት መንገድ አለ፤ ርካሽ የሚሆነውም ንብርብሩ ለሁሉም አንድ ስለሆነ ነው። ለእኛ የተሰጠን ሲሊከን 10 ማይክሮሜትር፣ ናይትራይዱ 0.5 ማይክሮሜትር ነበር። ጨርቁ ተመርጦልሃል፤ የአንተ ፈንታ ልክ ማውጣት ብቻ ነው። ውፍረቱ ከተወሰነ የከበሮውን ድምፅ የሚወስነው ሬድየሱ ብቻ ይሆናል።

ድግግሞሹን፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ የሚርገበገብበትን ብዛት፣ 200 ኪሎኸርዝ አልሁት። የጓደኛዬ አሮጌ መለኪያ 200 ስለነበረ ነው። ለምን 200 ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።

ስሌቱ ራሱ ደስ ይላል። 250 ማይክሮሜትር ሬድየስ ያለው ያ ከበሮ በአየር ውስጥ የሚዘምረው 650 ኪሎኸርዝ ላይ ነው። ውኃ ሲነካው ግን ብቻውን አይንቀሳቀስም፤ ከቆዳው ክብደት ሰባት እጥፍ የሚሆን ውኃ አብሮ ይጎትታል። ሸክሙ ድምፁን ወደ 227 ያወርደዋል። ሁለት መቶ ሃያ አምስት ከበሮዎች በ0.6 ሚሊሜትር ርቀት፣ 15 በ15 ሆነው ሲሰለፉ ደግሞ አንዱ የሌላውን ውኃ ስለሚገፋ ሸክሙ ይጨምራል፤ በልኬት 200 አካባቢ ወረደ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የእንጀራ ዓይን ይመስላል፤ ልዩነቱ ሁሉም ዓይን እኩል መሆኑ ነው፤ እንዲህ ያለ እንጀራ ጋግሮ የሚያውቅ ሰው የለም።

ገንዘቡን በውጭ ምንዛሪ ለመክፈል የጠበቅነውን ጊዜ አልቆጥረውም፤ ቺፑን ለመንደፍ ከፈጀብን ይበልጣል። ቺፑ ሲደርስ የሚቀጥለው ጥያቄ ውኃ እንዳይነካው ማድረግ ነበር። ኤሌክትሮዶቹ ራቁታቸውን ናቸው፤ ውኃ ከነካቸው ያልቃሉ። በሌላ አገር ቺፑን በጋዝ መልክ በሚነጠፍ ፕላስቲክ ይለብሱታል። እኛ ያ ማሽን የለንም።

የጉሎ ዘይት

መፍትሔው ከመርካቶ በአምስት ሊትር ጄሪካን መጣ። የጉሎ ዘይት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ አኩስቲክ ኢምፔዳንሱም 1.43 ሜጋሬይል ገደማ ስለሆነ ከውኃው እምብዛም አይለይም። የባሕር ሶናር ሠሪዎች ከጥንት ጀምረው የሚሞሉት እርሱን ነው። ጎረቤታችን ያለው የቶርኖ ባለሙያ ከአሉሚኒየም ኩባያ ቀረጸልን፤ ቺፑን ከሥሩ አጣብቀን፣ ዘይት ሞልተን፣ አፉን በስስ ፖሊዩሬታን ወጥረን ልንዘጋው ተዘጋጀን። ባለሙያው ዘይቱ ለምን እንደሆነ ሲሰማ፣ ለሁሉም ነገር መድኃኒት ሆነ ብሎ ሳቀ።

የመጀመሪያው ኩባያ ግን ደነቆረ። ከበሮዎቹ አንድ በአንድ ሲፈተሹ ግማሾቹ 200 ላይ ሳይሆን ገና 650 አጠገብ ነበር የሚዘምሩት። ከላያቸው የአየር አረፋ ተቀምጦ ዘይቱን አላስነካቸውም ማለት ነው። የጉሎ ዘይት ወፍራም ነው፤ ውስጡ የገባ አየር በራሱ ጊዜ አይወጣም። የአየርና የፈሳሽ ድንበር ደግሞ ድምፅን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ይመልሳል፤ ከፀጉር የቀጠነች አረፋ ለአንድ ከበሮ መቃብሩ ናት።

ከአሮጌ ማቀዝቀዣ የወጣ ኮምፕሬሰር ገዛን፤ መምጠጫውን ከወፍራም የመስታወት ማሰሮ ጋር አያይዘን ዘይቱን ከነኩባያው አስገባነው። የሥራ ባልደረባዬ ማብሪያውን ስትጫን ለሁለት ደቂቃ ምንም የለም። ከዚያ ከሥር እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ያሉ ነጠብጣቦች መነሣት ጀመሩ፤ እየወጡ እየሰፉ ሄዱና ዘይቱ በአንድ ጊዜ ገንፍሎ እንደ ጀበና ቡና ወደ አፉ መጣ። «አጥፊው! አጥፊው!» አልሁ። አጠፋችው፤ ተመልሶ ወረደ። ሦስት ጊዜ እንዲህ እያስነሣን እያስተኛን በአራተኛው ጸጥ አለ። ያን ዕለት 225ቱም ከበሮዎች ዘይቱን ነክተው አደሩ። እኔ በዚህ ሥራ ከተማርሁት ሁሉ የሚጠቅመኝ ይህ ይመስለኛል፤ ቺፕ መንደፍ ብዙ ሰው ይችላል፣ አረፋ ማውጣት ግን በእጅ የሚለመድ ነገር ነው።

ግቢያችን ውስጥ ባለው ሮቶ ፈተንነው። ጥልቀቱ 1 ሜትር ከ20 ነው፤ ሳጥኑ 1 ሜትር ከ20 አለ። ውኃ ቀንሰን 80 ሴንቲሜትር አደረግነው፤ 80 አለ። እየተሳሳቅን ወደ አባ ሳሙኤል ሄድን። እዚያ የሆነውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

የስድሳው ሴንቲሜትር ሒሳብ

መጀመሪያ የጠረጠርሁት የድምፁን ፍጥነት ነው። ሳጥኑ ውስጥ 1,500 ሜትር በሰከንድ ብዬ ሞልቼ ነበር፤ ውኃው 19 ዲግሪ ስለነበር ትክክለኛው 1,479 ነው። ስናስተካክለው ሦስት ሜትር ከአሥሩ ወደ ሦስት ሜትር ከስድስት ወረደ። ጉድለቱ ከስድሳ ወደ ስድሳ አራት አደገ ማለት ነው። ስህተቴ እስካሁን ሲደብቅልኝ ነበር።

ሁለተኛውን ያገኘሁት ማታ፣ መብራት ጠፍቶ በሻማ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማስላት የነበረብኝን አንዲት ማካፈል ሳሰላ ነው። በ200 ኪሎኸርዝ የድምፁ ሞገድ ርዝመት በውኃ ውስጥ 7.4 ሚሊሜትር ነው። የድርድሩ ስፋት 9 ሚሊሜትር ነው። አንድ ሞገድ ትንሽ ከፍ ብሎ። እንዲህ ያለ ምንጭ ድምፁን ሊያጠብብ አይችልም፤ ጨረሩ 42 ዲግሪ ይሰፋል። አራት ሜትር ታች ሲደርስ የሚያበራው ቦታ ሦስት ሜትር ስፋት አለው። የእጅ ባትሪ ነው ብለን ፋኖስ ነበር ይዘን የወጣነው። የጓደኛዬ አሮጌ መለኪያ በዚያው 200 ላይ የሚሠራው ሴራሚኩ ሰፊ ስለሆነ ነው፤ 5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ጨረሩን ወደ 9 ዲግሪ ያጠብበዋል። እኔ ድግግሞሹን ስቀዳ ስፋቱን አልቀዳሁም።

ሮቶው ያሳሳተን ለዚህ ነው። የሮቶ ወለል ጠፍጣፋ ነው፤ ፋኖስም ይሁን የእጅ ባትሪ፣ መጀመሪያ የሚመለሰው ድምፅ ቀጥታ ከሥር ያለው ነው። ሽማግሌው ያቆሙን ግን በቀድሞው የአቃቂ መውረጃ ላይ ነበር፤ ግራና ቀኙ ከፍ ይላል። ድምፃችን መውረጃው ሥር ከመድረሱ በፊት ከዳሩ ተመልሶ መጣ።

ሁለተኛው ቺፕ

ሁለት መንገድ ነበረን። አንዱ ብዙ ቺፖችን ጎን ለጎን መደርደር ነው፤ ኪሳችን አልፈቀደም። ሌላው ሞገዱን ማሳጠር ነው። ድግግሞሽ ሲጨምር ውኃ ድምፁን ይበላዋል ተብለን ስለተማርን ፈራሁ፤ ፍርሃቴ ግን የባሕር ሰዎች ፍርሃት ነበር። በባሕር ውስጥ ድምፁን አብዝተው ከሚበሉት መካከል የተሟሙ ጨዎች አሉ፤ በተለይ ማግኒዥየም ሰልፌት። የእኛ ሐይቅ ጨው የለበትም። በንጹሕ ውኃ 1 ሜጋኸርዝ በሜትር የሚያጣው 0.22 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ አራት ሜትር ደርሶ ሲመለስ ሁለት ዴሲቤል አይሞላም። የክረምት ጎርፍ ሲገባ የተንሳፈፈው አፈር ይጨምርበታል፤ ቢሆንም የሚቻል ነው። ድምፁን ለሚወስደው ውኃ እንጂ ለቺፑ ብለን መምረጥ አልነበረብንም።

አዲሱ ከበሮ ሬድየሱ 135 ማይክሮሜትር ነው። በአየር 2.2 ሜጋኸርዝ፣ በውኃ 1 ሜጋኸርዝ ይዘምራል። በዚያችው 9 ሚሊሜትር ላይ 30 በ30፣ ዘጠኝ መቶ ከበሮ ገባ። ሞገዱ 1.48 ሚሊሜትር ስለሆነ ጨረሩ ወደ 8 ዲግሪ ጠበበ፤ አራት ሜትር ላይ ስድሳ ሴንቲሜትር ገደማ የሆነች ክብ። ሁለት ሁለት ዓምዶችን አንድ አድርገን 15 መስመር አወጣን። የመስመሮቹ ርቀት 0.6 ሚሊሜትር ነው፤ ከግማሽ ሞገድ ስለሚያንስ ጨረሩ ሲዞር በሌላ አቅጣጫ የሐሰት ጨረር አይወልድም። ጨረሩን አሥር ዲግሪ ለማዞር እያንዳንዱ መስመር ከጎረቤቱ 70 ናኖሰከንድ መዘግየት ብቻ ይበቃዋል። ያላሰብነው ትርፍም ተገኘ፤ ጉብጠት በሬድየሱ አራተኛ ኃይል ስለሚያድግ፣ ትንሹ ከበሮ በአንድ ዓይነት የውኃ ግፊት ሥር ከትልቁ ወደ 12 ጊዜ ያነሰ ይጎብጣል።

የናይትራይዱ ድክመት ሲጮኽ ነው፤ ሲያዳምጥ ግን ጎበዝ ነው። ስለዚህ ድምፁን በአንድ ጥይት ከመልቀቅ በተከታታይ ምት አርዝመን መላክ ነበረብን፤ በዚህም የተነሣ ከበሮው ተርገብግቦ እስኪያበቃ ድረስ ቅርብ ያለውን አይሰማም። ለጥልቀት ልኬት ይህ ብዙ አይጎዳም። ከ15ቱ መስመሮች ሁለቱ ሽቦ ስንበይድ ሞቱብን። በ13 ሄድን።

እንደገና ጀልባው ላይ

በዚያ ጉዞ የመጀመሪያውንም ቺፕ አዲሱንም ይዤ ወጣሁ፤ ውኃው በመካከሉ ቀንሶ ስለነበር ያለፈውን ቁጥር ከአሁኑ ጋር ማወዳደር አይቻልም። ጀልባውን በሁለት ገመድ አሰርነው። ሽማግሌው አጣናቸውን ሰደዱ፤ ሦስት ሜትር ከሃምሳ አምስት። አሮጌው ሳጥን፣ ፍጥነቱ ተስተካክሎ፣ ሁለት ሜትር ከዘጠና አንድ። አዲሱ ሦስት ሜትር ከሃያ አምስት። ጨረሩን ወደ ግራ ባዞርነው ጊዜ የመውረጃው ዳር በማያው ላይ ቀስ ብሎ ከፍ ሲል ታየ። ከስድሳ አራቱ ሠላሳ አራቱን ፋኖሱ ነበር የወሰደው።

ሠላሳው ግን ቀረ። አዲሱን ደጋግመን ብንተኩስ፣ ቺፑን ብናገለባብጥ ያው ሠላሳ ነው። ጓደኛዬ ፊቱ መክፋት ሲጀምር ሽማግሌው አጣናውን እንደገና አወረዱት፤ በዚህ ጊዜ አልለቀቁትም፤ በሁለት ጣት ይዘው ቀስ አድርገው አወረዱ። «እዚህ ላይ ለስላሳ ነገር አለ» አሉ። «እዚህ ላይ ደግሞ ጠንካራው ጀመረ። የእናንተ ዕቃ የሚመለሰው ከለስላሳው ነው።» ምልክቱን አየን፤ ለስላሳው የጀመረው ሦስት ሜትር ከሃያ ሦስት አካባቢ ነበር።

ይህ በሙያው የታወቀ ነገር ነው። ፈሳሽ ጭቃ ከውኃ ብዙም የማይከብድ ቢሆንም ለከፍተኛ ድግግሞሽ በቂ ድንበር ነው፤ ዝቅተኛው ግን አልፎት ወደ ጠንካራው ይሰምጣል። ለዚህ ነው የግድብ ደለል የሚለኩ ሰዎች 200 ኪሎኸርዝን ከ24 ወይም ከ33 ኪሎኸርዝ ጋር አጣምረው የሚተኩሱት፤ የሁለቱ ልዩነት የለስላሳውን ውፍረት ይሰጣል። በ9 ሚሊሜትር ቺፕ 24 ኪሎኸርዝን ማጥበብ ግን የማይታሰብ ነው፤ ሞገዱ ብቻውን 6 ሴንቲሜትር ያልፋል። አቅጣጫ የሚይዝ ዝቅተኛ ድምፅ የለንም። አጣና ግን አለን።

እንቦጩ በበሰበሰበት ጥግ ሳጥኑ አሁንም ይወናበዳል። ከጭቃው የሚወጣው ጋዝ አረፋ ሆኖ ይነሣል፤ ኩባያችን ውስጥ ያሳደድነው ጠላት እዚያ በሐይቅ ሙሉ አለ፤ ኮምፕሬሰር የሚገጠምለት አይደለም። እነዚያን ጥጎች በአጣና ብቻ ለክተን አለፍን።

የጓደኛዬ መዝገብ አሁን ለእያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ዓምድ አለው። በአንደኛው «ድርድር»፣ በሁለተኛው «ጋሼ» ተብሎ ተጽፏል። ሽማግሌው አጣናቸውን በየአሥር ሴንቲሜትሩ ምስማር መትተው፣ በየሜትሩ ቀይ ጨርቅ አስረውበታል፤ ለጀልባው ከሚከፈላቸው በተጨማሪም የአጣናውን ዋጋ ለብቻ አስቆርጠዋል።